ገና ላልታመመው ማቀድ

የጤና ዕቅድ ዛሬ ተሰልፎ ለሚጠብቀው ሕመምተኛ ብቻ አይሠራም። ከአምስት፣ ከዐሥር፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚመጣው ሰው የሚሆን ባለሙያ፣ መድኃኒት፣ ሕንፃና ገንዘብ ከወዲሁ ማሰናዳት ነው። በኢትዮጵያ ይህ ሥራ ከጤና ሚኒስቴር የረጅም ጊዜ ሰነድ ተነሥቶ እስከ ቀበሌ ጤና ኬላ ይወርዳል፤ ከጤና ኬላውም ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛዋ ዕድሜያቸውን በዕቅድ ሥራ ያሳለፉ ባለሙያ፣ ሁለተኛው የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ዕቅድ እንዲያዘጋጅ የተመደበ ወጣት ጤና መኮንን።

ጤና መኮንኑ፦ እትዬ፣ ብዙ ቦታ ዕቅድ ሲዘጋጅ የአምናው አፈጻጸም ይወሰድና ጥቂት በመቶ ይጨመርበታል። ይህ ዕቅድ ይባላል?

ባለሙያዋ፦ የአምናውን ማራዘም ይባላል፣ ልጄ። አፈጻጸም የሚነግርህ ደጅህ ድረስ የመጣውን ሰው ነው። እቤቷ የወለደችው፣ ልጇን ሳታስከትብ የቀረችው፣ የደም ግፊት እንዳለበት ሳያውቅ እርሻው ላይ የሚውለው ገበሬ በመዝገብህ የሉም፤ ዕቅዱ ግን ከሁሉ በፊት ለእነሱ ነው። ስለዚህ ዕቅድ ከሕዝቡ ይጀምራል። ስንት ሰው ይኖራል? በየዕድሜው ስንት ስንት? በምንስ ይታመማል? ባለሙያው፣ መድኃኒቱና ገንዘቡ የሚሰላው ከዚያ በኋላ ነው።

ጤና መኮንኑ፦ የሕዝቡ ቁጥር ግን ከላይ ተሰልቶ ነው የሚመጣልን። ለመቁጠር ሥልጣኑም አቅሙም የለንም።

ባለሙያዋ፦ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው። አገሪቱ ሕዝቧን የቆጠረችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። የመጨረሻው ቆጠራ ያገኘው 74 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ነው። አራተኛው ተደጋግሞ ተራዘመ። ከ1999 ወዲህ ያለው ቁጥር ሁሉ እንግዲህ ትንበያ ነው። ትንበያ ስንት ይወለዳል፣ ስንት ይሞታል፣ ስንት ይገባል፣ ስንት ይወጣል በሚሉ ግምቶች ላይ ይቆማል። መወለዱና መሞቱ ለአገር አቀፍ ስሌት ብዙም አይስቱም። መግባቱና መውጣቱ ግን ወረዳ ላይ ሲደርስ ይበላሻል። ኢንዱስትሪ ፓርክ የተከፈተበት ከተማ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይሞላል፤ ተፈናቃይ የሰፈረበት ወረዳ በአንድ ወቅት ያብጣል፤ ወጣቱ ለሥራ የሄደበት ቀበሌ ደግሞ ባዶውን ይቀራል። ወረቀቱ ላይ ግን ሦስቱም በአንድ ዓይነት መጠን ያደጉ መስለው ይታያሉ።

ጤና መኮንኑ፦ ቁጥሩ በጥቂት ሺህ ሰው ቢሳሳት ምን ያህል ጉዳት አለው?

ባለሙያዋ፦ እንካ፣ እናስላው። ለወረዳው 120,000 ሕዝብ ተሰጠው እንበል። ከሕዝቡ 3.4 በመቶ የሚሆኑት በዓመቱ ነፍሰ ጡር ይሆናሉ ብለን ብንወስድ 4,080 እናቶች ይጠበቃሉ። በጤና ተቋም የወለዱት 3,900 ከሆኑ ሽፋኑ 96 በመቶ ሆነ፤ ወረዳው በግምገማ ላይ ይጨበጨብለታል። እውነተኛው ሕዝብ 135,000 ቢሆንስ? የሚጠበቁት እናቶች 4,590 ይሆናሉ፤ ሽፋኑ ወደ 85 ይወርዳል። በመጀመሪያው ስሌት የቀሩት 180 እናቶች ነበሩ፤ በሁለተኛው 690 ናቸው። ሽፋኑ የሚካፈልበት ቁጥር፣ ዲኖሚኔተሩ፣ በተሳሳተበት ወረዳ 510 እናቶችን የሚፈልጋቸው የለም፤ አዋላጅ ነርስም አምቡላንስም አይታቀድላቸውም።

ጤና መኮንኑ፦ ተቃራኒውም ይገጥማል። ፔንታ ሦስት የሚባለው ሦስተኛ ዙር የሕፃናት ክትባት ሽፋን ከመቶ በላይ ተብሎ ሪፖርት ሲደረግ ታይቷል።

ባለሙያዋ፦ ያ ቁጥር ጥሩ ሥራ ተሠርቷል ማለት አይደለም። የሚጠበቁት ሕፃናት ከእውነቱ ያነሱ ናቸው፣ ወይም ከጎረቤት ወረዳ መጥተው ተከትበዋል፣ ወይም ሪፖርቱ ራሱ ልክ አይደለም፤ ከሦስቱ አንዱ ነው። ከመቶ በላይ የሆነ ሽፋን በየትኛውም ጊዜ መመርመር አለበት።

ጤና መኮንኑ፦ ታዲያ ቆጠራ በሌለበት በምን ይታረማል?

ባለሙያዋ፦ በእጅ ያለ መረጃ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በየቤቱ የምትይዘው የቤተሰብ ማኅደር አባወራውን፣ እማወራዋን፣ ልጆቹንና ነፍሰ ጡሯን በስም ይዘረዝራል። የየቀበሌውን ድምር ከትንበያው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው። ልዩነቱ ሰፊ በሆነበት ቀበሌ ቤት ለቤት ሂድ፤ ጠባብ በሆነበት ተወው። ሁለተኛው ማነጻጸሪያ ከሪፖርቱ ሰንሰለት ውጭ የሚደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 ተካሂዷል። የ2016ቱ በጤና ተቋም የተካሄደ ወሊድ 26 በመቶ ብቻ ሆኖ አገኘው። ከተቋማት እየተጠናቀረ የሚወጣው ሪፖርት ግን ከዚያ እጅግ የላቀ ሽፋን ያሳይ ነበር። ጥናቱ የቀደሙትን አምስት ዓመታት ወሊዶች መጠየቁ ልዩነቱን በከፊል ያስረዳል፤ ሁሉንም ግን አያስረዳም። የሚቀጥለውን ዕቅድ በሪፖርቱ ላይ የመሠረተ ሰው ሥራው አልቋል ብሎ ያስባል፤ በጥናቱ ላይ የመሠረተው ደግሞ ገና ጀማሪ መሆኑን ያውቃል።

ጤና መኮንኑ፦ ቁጥሩ ተስተካከለ እንበል። በምን እንደሚታመሙስ እንዴት አስቀድሞ ይታወቃል? በሽታ አስቀድሞ አይናገርም።

ባለሙያዋ፦ ብዙው ይናገራል። የሕፃናትን ሞት ውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር። በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ። ክትባት፣ አጎበር፣ በሕይወት አድን ንጥረ ነገር ተቅማጥን ማከም፣ በየቀበሌው የተመደቡ ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ያመጡት ውጤት ነው፤ ትልቅ ውጤት ነው። አሁን ውስጡን እይ። በተወለዱ በ28 ቀን ውስጥ የሚሞቱት ጨቅላዎች በ2000 ከሺህ 49 ነበሩ፤ በ2016 29 ሆኑ። ይህኛው የቀነሰው በዝግታ ነው። ስለዚህ ከሚሞቱት ሕፃናት መካከል የጨቅላዎቹ ድርሻ ከ30 በመቶ ወደ 43 በመቶ ከፍ ብሏል።

ጤና መኮንኑ፦ ድርሻው መጨመሩ ዕቅዱን እንዴት ይለውጠዋል?

ባለሙያዋ፦ ከሥር መሠረቱ ይለውጠዋል። ተቅማጥና ሳንባ ምች የያዘውን የሁለት ዓመት ልጅ ጤና ኬላ ላይ ማዳን ይቻላል። ያለጊዜው የተወለደ፣ ሲወለድ የታፈነ፣ ደሙ የተመረዘ ጨቅላ ግን ኦክስጅን፣ ማሞቂያ፣ ሌሊቱን ሙሉ የምትጠብቀው የሠለጠነች ነርስ፣ ሲከፋም የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ይፈልጋል። ያለፉት ሃያ ዓመታት ገንዘብ ያዳነው የመጀመሪያውን ልጅ ነው። የቀጣዩ ዐሥር ዓመት ገንዘብ ወደ ሁለተኛው ካልዞረ ቁጥሩ ባለበት ይቆማል። የጤና ሥርዓት ሲሳካለት የሚገጥመው ችግር ይለወጣል፤ የአምናውን አፈጻጸም የሚያራዝም ዕቅድ ይህን ለውጥ ሊያይ አይችልም።

ጤና መኮንኑ፦ አገሩ የወጣት አገር ነው። የሸመገለ ሰው በሽታ ገና ሩቅ አይደለም?

ባለሙያዋ፦ እንደሚባለው ሩቅ አይደለም። አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች እ.ኤ.አ. በ2000 በአማካይ 5.5 ነበሩ፤ በ2016 ወደ 4.6 ወረዱ። ቢሆንም ለመውለድ የደረሱት ሴቶች ቁጥር በጣም ስለበዛ ጠቅላላው ወሊድ ወዲያው አይቀንስም፤ የወሊድ ክፍልህን መዝጋት አትችልም። በዚያው ላይ ልጅ ሆኖ ከሞት የተረፈው ትውልድ አርባና አምሳ እየሞላው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረገው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት ከተመረመሩት 16 በመቶ ገደማ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ ከሚደርሰው ሞት 39 በመቶው ከእነዚህ በሽታዎች የመጣ ነው። ወባ የያዘው ሰው በሦስት ቀን መድኃኒት ይሰናበታል። የደም ግፊትና የስኳር ሕመምተኛው ግን ቀሪ ዕድሜውን በሙሉ በየወሩ ይመለሳል። ከአንድ ዓመት ወደ ሌላው የሚሸጋገር ሕመምተኛ በበዛ ቁጥር ካርድ ክፍሉ፣ ፋርማሲው፣ ላቦራቶሪው፣ የቀጠሮ አሠራሩ ሁሉ ሌላ ዓይነት መሆን አለበት።

ጤና መኮንኑ፦ ለሩቁ ጊዜ ታስቦ የተሠራ፣ ሊጠቀስ የሚችል ሥራ አለ?

ባለሙያዋ፦ የማሕፀን በር ካንሰር ክትባት አለ። በ2011 ዓ.ም. የዐሥራ አራት ዓመት ልጃገረዶችን በትምህርት ቤት መከተብ ተጀመረ። ያን ቀን የተከተበችው ልጅ በሽታው ሊይዛት የሚችለው ሠላሳና አርባ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ክትባቱን ያዘዘው ሹም፣ መርፌውን የወጋችው ነርስ፣ ገንዘቡን ያጸደቀው ምክር ቤት ውጤቱን በሥራ ዘመናቸው አያዩትም። ዛሬ ዐርባ ዓመት የሆናት እናቷ ደግሞ ለክትባቱ አልደረሰችም፤ ለእሷ ምርመራና ሕክምና መታቀድ አለበት። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ታካሚው ተራ ሲጠብቅ በሽታው ከደረጃ ወደ ደረጃ ይሻገር ነበር። አንድ የጨረር ማሽን ለማቆም ልዩ ግድግዳ ያለው ሕንፃ፣ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ፣ የካንሰር ሐኪም ያስፈልጋል፤ ማሽኑን መግዛት ከሁሉም የሚፈጥነው ነው። ልጅቷን መከተብና ለእናቷ ማሽን ማቆም በአንድ ዕቅድ ውስጥ ጎን ለጎን መሄድ አለባቸው።

ጤና መኮንኑ፦ ሕንፃውና ማሽኑ እየተሠራ ባለሙያው ዘግይቶ የሚመጣባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው።

ባለሙያዋ፦ ስለዚህ የሚዘገየው ነገር አስቀድሞ መወሰን አለበት። ጤና ጣቢያ በሁለት ዓመት ይገነባል፤ መድኃኒት በወራት ይገዛል፤ ጠቅላላ ሐኪም ለማፍራት ግን ስድስት ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ ስፔሻሊስት ለማድረግ ሌላ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ዓመት። ዛሬ የሕክምና ትምህርት የሚጀምር ተማሪ የልብ ቀዶ ሐኪም ሆኖ ቢላ የሚይዘው ቢያንስ ሁለት የአምስት ዓመት ዕቅዶች ካለፉ በኋላ ነው። አገሪቱ ይህን ነገር ከጥንት ታውቀዋለች። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም ሐኪም እስኪደርስ አልጠበቀም፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በአንድ ቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ላከ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1958 የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን የሚገመት ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን ገደለ። በዚያን ጊዜ ለገጠሩ ሕዝብ ሐኪም የሚባል አልነበረም ማለት ይቻላል። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም የዚያው ሐሳብ ልጅ ነው፤ ዐሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን ከየቀበሌያቸው መልምሎ፣ አንድ ዓመት አሠልጥኖ፣ ደመወዝ ከፍሎ ወደ ቀበሌያቸው መመለስ። ከሠላሳ ሺህ በላይ ሆነው ተሠማሩ።

ጤና መኮንኑ፦ የሕክምና ኮሌጆችም በዚሁ መንገድ በዙ። አሁን ግን የተመረቁ ሐኪሞች ሥራ አጥተው ተቀምጠዋል፤ ወረዳው ደግሞ ሐኪም የለውም። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሆናሉ?

ባለሙያዋ፦ ይህ ነገር ሊያሳዝነንም ሊያስተምረንም ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2012 በሳይንስ የተመረቁ ወጣቶችን ተቀብለው ሐኪም የሚያደርጉ 13 ተቋማት በአንድ ጊዜ ተከፈቱ፤ ነባሮቹም የሚቀበሉትን ተማሪ አበዙ። ቁጥሩን በተመለከተ ዕቅዱ ሠርቷል። ያልተገጣጠመው ሌላ ነው። የሚያስተምረው ዩኒቨርሲቲ በፌዴራል በጀት ነው፤ ቀጥሮ ደመወዝ የሚከፍለው ግን ክልሉና ወረዳው ከሚደርሳቸው ጥቅል ድጎማ ነው። ሐኪሙ በሚመረቅበት ዓመት ወረዳው የሥራ መደቡን ያልከፈተ እንደሆነ፣ ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸውን ዕቅድ መቶ በመቶ ፈጽመው ሕዝቡ ሐኪም ሳያገኝ ይቀራል። የሰው ኃይል ዕቅድ ከሥልጠናው ጋር የቅጥሩን በጀት፣ መኖሪያ ቤቱን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያውን፣ የሙያ ዕድገቱን ማካተት ያለበት ለዚህ ነው። ያለዚያ አገሪቱ በብዙ ወጪ ያስተማረችው ሰው ወደ ሌላ አገር ወይም ወደ ሌላ ሙያ ይሄዳል።

ጤና መኮንኑ፦ ለወረዳዬ ስንት ባለሙያ እንደሚያስፈልግ በምን ላስላ? ለአንድ ጤና ጣቢያ ይህን ያህል ነርስ የሚለውን መደብ ነው የምንጠቀመው።

ባለሙያዋ፦ መደቡ ለመነሻ ይሆናል፤ ግን በቀን ሃምሳ ሰው የሚያይ ጤና ጣቢያና ሁለት መቶ ሰው የሚያይ ጤና ጣቢያ እኩል ይመድባል። ከሥራው ጫና ብትነሣ ይሻላል። አንዲት አዋላጅ ነርስ በዓመት 260 የሥራ ቀን አላት እንበል። የዓመት ፈቃድ፣ በዓላት፣ ሥልጠናና ሕመም ሲቀነስ 217 ቀን ይቀራል፤ በቀን ስምንት ሰዓት 1,736 ሰዓት ማለት ነው። አንድ ወሊድ ከመቀበል እስከ መሸኘት ስድስት ሰዓት ከወሰደባት በዓመት 289 ያህል ወሊድ ትሸከማለች። ቅድም ላልነው 4,590 እናቶች ለወሊድ ብቻ 16 አዋላጆች ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ወሊድ ቀን አይመርጥም፤ እናቶቹም በአንድ ጤና ጣቢያ አይሰበሰቡም። በወር ዐሥር ወሊድ ብቻ ያለው ጤና ጣቢያም ሌሊት አዋላጅ ካልኖረው ነፍሰ ጡሯን ወደ ቤቷ መመለሱ ነው። ስለዚህ ስሌቱ 16 ቢልም ለሌሊትና ለቅዳሜና እሑድ ፈረቃ ስትጨምርበት ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ምክንያቱን አብረህ ጻፈው፣ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ ይጠይቅሃልና።

ጤና መኮንኑ፦ ጤና ተቋሞቹስ? አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ የሚለው ደረጃ አለ።

ባለሙያዋ፦ ለደጋው ይሠራል። አፋርና ሶማሌ ክልል ላይ ግን 5,000 ሰው በጣም ሰፊ በሆነ ምድር ተበትኖ ሊኖር ይችላል፤ በውኃና በግጦሽ ወቅት ደግሞ ይንቀሳቀሳል። እዚያ በሕዝብ ብዛት ፈንታ የጉዞ ሰዓትን መለኪያ ማድረግ ይሻላል፤ ምጥ የያዛት እናት በስንት ሰዓት ትደርሳለች የሚለው ጥያቄ ነው። ተንቀሳቃሽ ቡድን የግድ የሚሆንባቸው ቦታዎች አሉ።

ጤና መኮንኑ፦ መድኃኒት ላይ ግን ስሌት አያንሰንም። በየሁለት ወሩ ሪፖርትና መጠየቂያ እንልካለን። ሆኖም ያልቃል።

ባለሙያዋ፦ ፍጆታውን እንዴት ነው የምታሰሉት? አንድ ጤና ጣቢያ በስድስት ወር 600 ስትሪፕ አሞክሲሲሊን አወጣ እንበል። ለስድስት ሲካፈል በወር 100 ይሆናል፤ ብዙ ቦታ የሚጻፈውም ይኸው ነው። የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድ ሲታይ ግን ለሁለት ወር መደርደሪያው ባዶ ነበር። 600ው የወጣው በአራት ወር ነው፤ እውነተኛው የወር ፍጆታ 150 ነው። በ100 ሒሳብ ያዘዘ ጤና ጣቢያ የዘንድሮውን እጥረት ለከርሞ አዘዘ ማለት ነው። ቁጥሩ ወደ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ሲደርስና የሺህ ጤና ጣቢያ ስሕተት ሲደመር አገር አቀፉ ግዢ ራሱ ያንሳል። ክትባት ላይ ሌላ ነገር አለ። የቢሲጂ ብልቃጥ 20 ዶዝ ይይዛል፤ ከተበጠበጠ በኋላ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም። በገጠር ጤና ኬላ በአንድ የክትባት ቀን የሚመጡት ሕፃናት ጥቂት ስለሆኑ ግማሹ ሊደፋ ይችላል። ብክነቱ 50 በመቶ ከሆነ ለ100 ሕፃን የሚታዘዘው 200 ዶዝ ነው። ይህ በዕቅዱ ካልተያዘ ባለሙያዋ ብልቃጥ ላለማባከን ስትል፣ አንድ ልጅ አዝላ ሁለት ሰዓት የተጓዘችውን እናት "ሌሎች ሲመጡ ነይ" ብላ ትመልሳታለች። ያች እናት ላትመለስ ትችላለች።

ጤና መኮንኑ፦ ይህ ሁሉ ተሰልቶ ሲደመር በጀቱ አይበቃም። ያን ጊዜ ምን ይቆረጣል?

ባለሙያዋ፦ በይሉኝታ ወይም በጩኸት እንዳይቆረጥ አስቀድሞ መመዘኛ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀው የመሠረታዊ ጤና አገልግሎት ፓኬጅ 1,018 አገልግሎቶችን ዘርዝሮ 570ዎቹን ከፍተኛ ቅድሚያ ሰጥቷቸዋል። የተመዘኑትም በበሽታው ጫና፣ ከሚወጣው ገንዘብ በሚገኘው ጤና፣ በፍትሐዊነት፣ ቤተሰብን ከድህነት በመጠበቅ አቅማቸውና በመሳሰሉት ነው። ዝርዝሩ ፍጹም ነው አይባልም። ግን የትኛው አገልግሎት ለምን እንደቀደመ ጽሑፍ ላይ አለ፤ ያልተስማማም ምዘናውን ጠቅሶ ሊከራከር ይችላል። ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለውም የዕቅዱ አካል ነው። የጤና ወጪው በግርድፉ ሲታይ ሲሶው ከመንግሥት፣ ሲሶው ከውጭ አጋሮች፣ ሲሶው ከሕመምተኛው ኪስ ሲመጣ ቆይቷል። ከኪስ የሚወጣው በሬ ሽጦ መታከም ማለት ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ወደ ብዙ ወረዳዎች የሰፋው ይህን ለመቀነስ ነው።

ጤና መኮንኑ፦ ከአጋር የሚመጣው ሲሶስ ቢቆም?

ባለሙያዋ፦ ቆሞ አይተናል። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው በኤች አይ ቪና በሌሎች ሥራዎች ላይ የነበሩ 5,000 የጤና ባለሙያዎች ውላቸው ተቋረጠ። ስለዚህ የጤና ዘርፍ ዕቅድ በአንድ የገንዘብ ግምት ላይ አይቆምም፤ መነሻና ከፍተኛ የሚባሉ ሁለት አማራጮች ይሰናዱለታል። ለወረዳህም እንዲሁ አድርግ። በአጋር የሚከፈል ደመወዝ ያለበትን መደብ ሁሉ ለይተህ ምልክት አድርግበት፤ ነገ ቢቋረጥ የትኛው አገልግሎት እንደሚቆም በአንድ ገጽ እንዲታይ።

ጤና መኮንኑ፦ ወረርሽኝና ጦርነትስ? ማንም የሚያቅደው ነገር አይደለም።

ባለሙያዋ፦ ቀኑን ማንም አያቅደውም፤ አቅሙን ግን ማቀድ ይቻላል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ በአገሪቱ ሲገኝ አስቀድሞ የተያዘ የሕክምና ኦክስጅን ፍኖተ ካርታ ነበር። የተዘጋጀው ለሳንባ ምች፣ ለጨቅላና ለቀዶ ሕክምና ነው፤ ለኮቪድም የግድ ሆነ። ለዕለታዊ ሥራ የሚጠቅም ነገር ለክፉ ቀንም የሚሆን ከሆነ ለድርብ ጥቅም ይታቀዳል። ቀጥሎ በመጡት የጦርነት ዓመታት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ብዙ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ። የቤተሰብ ማኅደሩ፣ ቢን ካርዱ፣ የሕመምተኛው ካርድ አብሮ ጠፋ። ሕንፃውን መልሶ መጠገን ይቻላል፤ የስኳር ሕመምተኛውን የሦስት ዓመት ክትትል መመለስ ግን አይቻልም። የመረጃው ቅጂ ከተቋሙ ውጭ መቀመጥ እንዳለበት ያ ጊዜ አስተምሯል።

ጤና መኮንኑ፦ የወረዳው ዕቅድ ከአገር አቀፉ ጋር የሚገናኘው በምን በኩል ነው?

ባለሙያዋ፦ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ አራት የጤና ዘርፍ ልማት ፕሮግራሞች ተከታትለው እስከ 2007 ድረስ ሄዱ፤ ከ2008 ወዲህ የጤና ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ተብሎ ቀጠለ፤ ሁለተኛው ከ2013 እስከ 2017 ነበር። የየዓመቱ ድርሻ በወረዳ ተኮር ዕቅድ ይከፋፈላል። አመላካች ኢላማው ከላይ ይወርዳል፣ ወረዳው ከአቅሙና ከችግሩ ጋር አገናዝቦ ይመልሳል፣ ከዞንና ከክልል ጋር ይደራደራል። መሠረቱ "አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት" የሚለው ስምምነት ነው፤ አጋር ሁሉ የየራሱን ዕቅድ ይዞ እንዳይመጣ። ችግሩ ከላይ የወረደው ኢላማ እንዳለ ተገልብጦ ሲመለስ ነው። ያን ጊዜ ድርድሩ ቀርቶ ማስተላለፍ ብቻ ይሆናል፤ የወረዳው እውነት ወደ ላይ አይደርስም።

ጤና መኮንኑ፦ ኢላማውን ዝቅ አድርገን ስንመልስ ግን ሰነፍ እንባላለን።

ባለሙያዋ፦ ቁጥር ብቻ ከመለስክ ትባላለህ። ግምትህን ከቁጥሩ ጋር መልስ። ዕቅዱ ላይ ሕዝቡን ስንት ብለህ እንደወሰድክና ከየት እንዳገኘኸው ጻፍ። ስንት አዋላጅ ይቀጠራል ብለህ እንደገመትክ፣ የትኛው መንገድ በክረምት እንደሚቋረጥ፣ ከአጋር የሚጠበቀው ስንት ብር እንደሆነ፣ ክትባቱ በምን ያህል ብክነት እንደተሰላ ጻፍ። ግምቱ ያልተጻፈ ዕቅድ ሲከሽፍ የትኛው ነገር እንደሳተ አይታወቅም፤ ባለሙያው ይወቀሳል፣ ቁጥሩ እንደገና ይራዘማል።

ጤና መኮንኑ፦ ያን ሁሉ ማን ያነበዋል?

ባለሙያዋ፦ የዕቅዱ ዘመን አጋማሽ ላይ የሚመጣው ገምጋሚ ቡድን። አንተ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውረህ ከሆነም በወንበርህ የተቀመጠው። አዋላጆቹ ስላልተቀጠሩ ነው ወይስ የሕዝቡ ቁጥር ስለተሳሳተ ነው እናቶቹ ያልመጡት የሚለውን የሚለየው ከዚያ ገጽ ነው። ቁጥሩ ከሆነ የተሳሳተው፣ የቀሪዎቹን ዓመታት ኢላማ፣ የመድኃኒት ግዢና የአዋላጅ መደብ አብሮ ያስተካክላል፤ ቅጥሩ ከሆነ ደግሞ ከሐምሌ በፊት የወረዳው ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ መደቦቹን ይዞ ይቀርባል።